የጡት ካንሰርና የጂን ለውጥ፦ የሚወረሰውን ከማይወረሰው ለይቶ ስለ ማወቅ

መግቢያ

የጡት ካንሰር በዓለም ላይ ሴቶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ቀዳሚውን ስፍራ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች በሽታው እንዳለባቸው የታወቀ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት 670,000 ያህል ሴቶች በዚሁ በሽታ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰበሰበው መረጃ እንዳመለከተው፣ በከተማዋ በሴቶች ላይ ከተመዘገቡት ካንሰሮች አንድ ሦስተኛ የሚሆነው የጡት ካንሰር ነው።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳችኝ በሐዋሳ ከተማ ከምትገኘው ከቡሹሎ የመጣች የ34 ዓመት እናት ናት። ሦስተኛ ልጇን እያጠባች ሳለ በግራ ጡቷ ላይ እብጠት ብታገኝም፣ ቀድሞ በሄደችበት የጤና ተቋም የጡት ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። ሰባት ወር ካለፈ በኋላ እኔ ዘንድ ስትደርስ እብጠቱ 6 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በብብቷም ውስጥ ዕጢዎች ይዳሰሱ ነበር። የናሙናው ውጤት ደርሶ ሁኔታውን ካስረዳኋት በኋላ ዝም ብላ ቆየችና፣ “ዶክተር፣ ይኼ ነገር ለልጄም ይተላለፋል?” ስትል ጠየቀችኝ። ልጇ የ9 ዓመት ልጅ ናት።

በካርዷ ላይ “የቤተሰብ ታሪክ፦ የለም” የሚል ተጽፏል፤ የጻፍኩትም ራሴ ነበርኩ። የጠየቅኋት ግን “እናትሽ ወይም እህትሽ የጡት ካንሰር ነበረባቸው?” ብዬ ብቻ ነው። ጥያቄዋን ለመመለስ እንደገና ተቀምጬ ስጠይቃት፣ አንዲት የአባቷ እህት በጡቷ ላይ ለረጅም ጊዜ የማይድን ቁስል ወጥቶባት እንደሞተች፣ ሌላዋ የአባቷ እህት ደግሞ ገና በ40 ዓመቷ ሆዷ እያበጠና ውኃ እየቋጠረ እንዳረፈች ነገረችኝ። “የለም” ተብሎ የተመዘገበው ታሪክ ከመጀመሪያውም ነበረ፤ የጎደለው ጥያቄው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጡት ካንሰር ውስጥ የጂን ለውጥ ያለውን ድርሻ ማብራራትና፣ የጂን ምርመራ በቀላሉ በማይገኝበት ሁኔታ የጤና ባለሙያው በእጁ ያለውን መሣሪያ፣ ማለትም በአግባቡ የተወሰደ የቤተሰብ ታሪክን፣ እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚችል ማመልከት ነው።

ጂን ምንድን ነው? ለውጡስ እንዴት ይከሰታል?

ጂን (ዘረመል) ማለት አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዝ፣ በዲኤንኤ ላይ የተጻፈ መመሪያ ነው። መመሪያው የተጻፈው በአራት ፊደላት ብቻ ሲሆን፣ ሕዋሱ የሚያነበው ሦስት ሦስቱን ፊደል እንደ አንድ ቃል እየቆጠረ ነው። ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ይህ ሁሉ ጽሑፍ ይገለበጣል፤ ገልባጭ ባለበት ደግሞ የመገልበጥ ስሕተት አይጠፋም።

ስሕተቱ የሚያስከትለውን ጉዳት በራሳችን ፊደል ማየት ይቻላል። ቃሎቹ ሁሉ ባለ ሦስት ፊደል የሆኑበትን የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦ “ከበደ ላሙን ነዳና በሩን ዘጋው”። ከዚህ ውስጥ ሁለተኛው ፊደል፣ “በ”፣ ብቻ ቢወድቅና አንባቢው እንደ ልማዱ ሦስት ሦስቱን እየከፈለ ቢያነብ፣ የሚያገኘው “ከደላ ሙንነ ዳናበ ሩንዘ ጋው” የሚል ይሆናል። የጠፋው አንድ ፊደል ነው፤ የፈረሰው ግን ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ነው። በጡት ካንሰር ከሚታወቁት የጂን ለውጦች ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። ፊደል በመውደቁ ወይም በመጨመሩ ምክንያት የሚመረተው ፕሮቲን አጭርና የማይሠራ ይሆናል። በሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ፊደል በሌላ ይተካል፤ ይህ “በሬ ገዛ” ለማለት “በር ገዛ” እንደ መጻፍ ሲሆን፣ ትርጉሙን ሊለውጥም ላይለውጥም ይችላል።

ሕዋስ የራሱ አራሚዎች አሉት። አብዛኛው ስሕተት ወዲያው ይታረማል፤ ያልታረመበት ሕዋስም ብዙውን ጊዜ ራሱን ያጠፋል። ካንሰር የሚጀምረው በአንድ ሕዋስ ውስጥ በርካታ ስሕተቶች ሲከማቹ፣ በተለይም እድገትን የሚያፋጥኑት ጂኖች ከልክ በላይ ሲሠሩ፣ እድገትን የሚገቱትና ስሕተትን የሚያርሙት ደግሞ ሥራቸውን ሲያቆሙ ነው።

የማይወረሰው ለውጥ

ከጡት ካንሰር ሕመምተኞች አብዛኞቹ፣ ከመቶ ዘጠና የሚሆኑት፣ በሽታቸው የመጣው ከተወለዱ በኋላ በጡት ሕዋስ ውስጥ በተከሰተ ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ የሚገኘው በዕጢው ውስጥ ብቻ ስለሆነ ከእናት ወደ ልጅ አይተላለፍም። ዕድሜ፣ ለረጅም ዓመታት ለኢስትሮጅን መጋለጥ፣ የአልኮል መጠጥ፣ ከማረጥ በኋላ የሚመጣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ጨረርና የመገልበጥ ስሕተት ራሱ ለዚህ አስተዋጽኦ አላቸው። በአንጻሩ ልጅ መውለድና ጡት ማጥባት የመከላከል ኃይል አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ከብዙ አገሮች ተሰባስቦ የታተመ ጥናት፣ አንዲት እናት ባጠባችባቸው በየ12 ወራቱ አንጻራዊ ሥጋቷ በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ማጥባት ሥጋትን ይቀንሳል ማለት በምታጠባ እናት ጡት ላይ የሚገኝ እብጠት ካንሰር ሊሆን አይችልም ማለት አይደለም።

በዕጢው ውስጥ የሚታዩት ለውጦች ሕክምናን ስለሚወስኑ የጤና ባለሙያ ሊያውቃቸው ይገባል። ፒ.አይ.ኬ.3.ሲ.ኤ. የተባለው ጂን በተለይ ሆርሞን ተቀባይ በሆኑ ዕጢዎች ላይ በብዛት ይለወጣል። ቲ.ፒ.53 የተባለው ጂን ከጡት ካንሰሮች በአንድ ሦስተኛ ገደማ ላይ፣ የሆርሞንም የኸር-2ም ተቀባይ በሌላቸው (ሦስቱም አሉታዊ በሆኑት) ዕጢዎች ላይ ደግሞ በአብዛኞቹ ተለውጦ ይገኛል። ከመቶ ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ዕጢዎች ላይ የኸር-2 ጂን ቅጂ ከልክ በላይ ይበዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደው ትራስቱዙማብ የተሠራው ይህንኑ ዒላማ አድርጎ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት ማረም ይገባል። የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር በአብዛኛው ሆርሞን አይቀበልም የሚል አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። በአዲስ አበባ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ግን ከሕመምተኞቻችን ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ዕጢያቸው ኢስትሮጅን ተቀባይ እንደሆነ አሳይቷል። ይህ ማለት ርካሽ የሆነው የታሞክሲፌን ኪኒን ብዙዎቹን ሊጠቅም ይችላል ማለት ነው።

የሚወረሰው ለውጥ

ከመቶ ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ሕመምተኞች ላይ ለውጡ ከእናት ወይም ከአባት በእንቁላል ወይም በዘር ፍሬ አማካይነት የተወረሰ ስለሆነ በሰውነታቸው ሕዋስ ሁሉ ውስጥ ይገኛል። በአሜሪካ ሜሪ ክሌር ኪንግና ባልደረቦቻቸው ከእነዚህ ጂኖች አንዱ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር። ይህ ጂን፣ ማለትም ቢ.አር.ሲ.ኤ.1 (በተለምዶ ብራካ 1)፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ተለይቶ ታወቀ። በ13ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው ብራካ 2 ደግሞ በ1995 ተለየ።

የሁለቱም ጂኖች ዋና ተግባር የዲኤንኤው ሁለቱም ክሮች በአንድነት ሲበጠሱ ያለ ስሕተት እንዲጠገኑ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ጂን በጥንድ ይገኛል፤ አንደኛው ቅጂ ከእናት፣ ሌላው ከአባት ይመጣል። አንደኛው ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይሸፍናል። አልፍሬድ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የሕፃናትን የዐይን ካንሰር መሠረት አድርገው እንዳስረዱት፣ በዘር ያልወረሰ ሰው ሕዋስ ሁለቱንም ቅጂ በራሱ ዕድሜ ማጣት ይኖርበታል። የወረሰው ሰው ግን ሲወለድ አንደኛውን አጥቶ ስለሚወለድ የሚቀረው አንድ ጉዳት ብቻ ነው። በዘር የሚመጣ ካንሰር በወጣትነት ዕድሜ፣ አንዳንዴም በሁለቱም ጡቶች ላይ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የሥጋቱን መጠን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው፣ የብራካ 1 ለውጥ ያለባት ሴት እስከ 80 ዓመቷ ድረስ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 72 በመቶ፣ የብራካ 2 ለውጥ ያለባት ደግሞ 69 በመቶ ነው። በእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰር የመያዝ ዕድላቸውም እንደ ቅደም ተከተላቸው 44 እና 17 በመቶ ነው። የብራካ 2 ለውጥ የወረሰ ወንድ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ 7 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ሥጋቱም ከፍ ያለ ነው። ከእነዚህ ሌላ ፓልቢ-2፣ ኤ.ቲ.ኤም.፣ ቼክ-2 እና በዘር የሚወረስ የቲ.ፒ.53 ለውጥ ሥጋትን በተለያየ መጠን ይጨምራሉ።

በሁለት ነጥቦች ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። አንደኛ፣ የሚወረሰው ካንሰሩ ሳይሆን ለካንሰር የመጋለጥ ሁኔታ ነው፤ ለውጡን ወርሰው በሽታው ሳይነካቸው የሚያረጁ አሉ። ሁለተኛ፣ ለውጡ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አባት ምንም የበሽታ ምልክት ሳይታይበት ለሴት ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል።

በአፍሪካና በአገራችን

እ.ኤ.አ. በ2018 በናይጄሪያ 1,136 የጡት ካንሰር ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ታትሞ ነበር። ከእነዚህ ሴቶች ወደ 15 በመቶ የሚጠጉት የተወረሰ የጂን ለውጥ የተገኘባቸው ሲሆን፣ 7 በመቶው በብራካ 1፣ 4 በመቶው በብራካ 2፣ 1 በመቶው በፓልቢ-2 ላይ ነበር። ይህ መጠን ከተለመደው ግምት ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ከመቶ 85 በሚሆኑት ላይ ምንም የተወረሰ ለውጥ አለመገኘቱም ሊዘነጋ አይገባም።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ 1,070 ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት የሕመምተኞቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 ዓመት መሆኑን ገልጿል። ብዙ ባለሙያዎች ይህን አኃዝ ሲያዩ “ታዲያ የእኛ አገር የጡት ካንሰር በአብዛኛው በዘር የሚመጣ ነው” ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳሉ። ድምዳሜው የግድ ትክክል አይደለም። ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት በመሆኑ፣ በየትኛውም በሽታ የሚያዙት ሰዎች መካከለኛ ዕድሜ ሽማግሌ ከበዛባቸው አገሮች ዝቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ወጣትነት ብቻውን ዘርን አያረጋግጥም፤ የቤተሰቡን ታሪክ በጥንቃቄ እንድንጠይቅ ግን ያስገድደናል።

የቤተሰብ ታሪክ አጠያየቅ

በብዙ የአገራችን ሕዝቦች ዘንድ ትውልድን መቁጠር የቆየ ባህል ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በሲዳማም ሰው ጎሳውን በአባቱ በኩል ጠንቅቆ ያውቃል። ይህ ባህል ለእኛ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም አንድ ጉድለት አለበት። ቆጠራው የሚወርደው በአባት በኩል በወንዶች ስም ነው። አግብተው ወደ ሌላ ቤት የሄዱት ሴቶች፣ አክስቶችና የአክስት ልጆች፣ በቆጠራው ውስጥ ስማቸው አይነሳም። በመሆኑም ቆጠራው ለውጡን ዝም ብለው ሊያስተላልፉ የሚችሉትን ወንዶች ያስታውሳል፤ በሽታው የሚገለጥባቸውን ሴቶች ግን ይረሳል። የኔዋ ሕመምተኛ የአባቷን አያቶች ስም በተራ ስትጠራልኝ አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። አክስቶቿን ግን በስማቸው እስክጠይቃት ድረስ አላነሳቻቸውም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ማስታወስ ይጠቅማል።

1. በእናትም በአባትም በኩል እኩል ይጠየቅ። “በአባትሽ በኩል ስንት አክስቶች ነበሩሽ? ዛሬ የት ናቸው? ያረፉትስ በስንት ዓመታቸው፣ በምን ምክንያት?” ብሎ አንድ በአንድ መጠየቅ ይገባል። ቢያንስ ሦስት ትውልድ ይሸፈን።

2. የበሽታውን ስም ሳይሆን ምልክቱን እንጠይቅ። “ካንሰር” የሚለው ቃል በብዙ ቤት አይነገርም። “በጡቷ ላይ እባጭ ወይም የማይድን ቁስል የነበረባት አለች? ሆዷ እያበጠ ውኃ የቋጠረባት አለች?” የሚሉት ጥያቄዎች የተሻለ መልስ ያስገኛሉ። የሆድ ማበጥ የጉበት ወይም የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) በሽታም ሊሆን ስለሚችል መልሱ ጥርጣሬን እንጂ ማረጋገጫን አይሰጥም።

3. በሽታው በጀመረበት ጊዜ የነበረው ዕድሜ ይመዝገብ። የልደት ቀን ባይታወቅም “ያኔ ስንት ልጅ ነበራት? የወር አበባዋ ቆሞ ነበር?” በማለት መገመት ይቻላል።

4. ወንዶችም ይካተቱ። የጡት ወይም የፕሮስቴት ካንሰር የነበረበት ወንድ መኖሩ ይጠየቅ።

5. “የለም” ብሎ መጻፍና “አልተጠየቀም” ብሎ መጻፍ የተለያዩ ናቸው። እናት ገና በልጅነቷ ሞታ ከሆነ፣ ወይም ሴት ዘመዶች ጥቂት ከሆኑ፣ ይህም በካርዱ ላይ ይስፈር።

የተወረሰ ለውጥ እንዲጠረጠር የሚያደርጉት ዋና ዋና ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ከ45 ዓመት በታች የጀመረ የጡት ካንሰር፤ በሁለቱም ጡቶች ላይ የታየ ካንሰር፤ ሦስቱም ተቀባዮች አሉታዊ የሆኑበት ዕጢ፤ በአንዲት ሴት ወይም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የጡትና የእንቁልጢ ካንሰር በአንድነት መገኘት፤ በወንድ ላይ የታየ የጡት ካንሰር፤ በአንድ ወገን ሁለትና ከዚያ በላይ የታመሙ ዘመዶች መኖር።

ምርመራው በሌለበት ምን ይደረግ?

የጂን ምርመራ በአብዛኞቹ የመንግሥት ጤና ተቋሞቻችን እንደ መደበኛ አገልግሎት አይሰጥም። ይህ ማለት ግን ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት አይደለም።

በቅድሚያ፣ ዘር ኖረም አልኖረም፣ እያንዳንዱ የጡት እብጠት በወቅቱ መመርመር አለበት። በምታጠባ እናት ላይ ኢንፌክሽን ተጠርጥሮ አንቲባዮቲክ ከተሰጠ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ትታይ። እብጠቱ ካልጠፋ ሁለተኛ አንቲባዮቲክ ሳይሆን አልትራሳውንድና የናሙና ምርመራ ያስፈልጋታል። ከላይ የተጠቀሰው የጥቁር አንበሳ ጥናት ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ በሦስተኛ ደረጃ ላይ እንደደረሱ አሳይቷል። ይህን ለመለወጥ የጂን ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ሥጋት ባለበት ቤተሰብ ውስጥ ላሉ ጎልማሳ ሴቶች፣ ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ በየዓመቱ ወይም በየስድስት ወሩ ጡታቸው በባለሙያ እንዲመረመር ማድረግ ይቻላል። የምስል ምርመራ ባለበት ደግሞ ከቤተሰቡ በለጋ ዕድሜ የታመመችው ሴት ከነበረችበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ መጀመር ይመከራል፤ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ አልትራሳውንድ ይረዳል። ሕፃናትን መመርመር ግን ጥቅም የለውም።

ምርመራው በተቻለ ጊዜ መጀመሪያ መመርመር ያለባት ጤነኛዋ ሳትሆን የታመመችዋ ናት። ለውጡ በእርሷ ላይ ከተገኘ፣ ዘመዶቿ ያንኑ አንድ ለውጥ ብቻ ተመርምረው ነጻ መሆን አለመሆናቸውን ማወቅ ይችላሉ። አፍሪካውያን በዓለም አቀፍ ጥናቶች ውስጥ በበቂ ሁኔታ ስላልተካተቱ፣ “ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ” የሚል ውጤት በእኛ ዘንድ ይበዛል፤ በእንዲህ ዓይነት ውጤት ላይ ተመሥርቶ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ስሕተት ነው። ለውጡ በተረጋገጠ ጊዜ ግን ወልዳ የጨረሰች ሴት፣ ብራካ 1 ከሆነ ከ35 እስከ 40፣ ብራካ 2 ከሆነ ከ40 እስከ 45 ዓመቷ ባለው ጊዜ እንቁልጢዎቿንና የማሕፀን ቱቦዎቿን ማስወጣት ይመከራል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአሜሪካ ለጡት ካንሰር የተፈቀደው ኦላፓሪብ የሚሠራውም የብራካ ለውጥ ያለበት ዕጢ ዲኤንኤውን መጠገን አለመቻሉን መሠረት አድርጎ ነው።

ስለ ምስጢርና ስለ መገለል

የሥጋ ደዌ በዘር ይተላለፋል ተብሎ ይታመን በነበረበት ዘመን፣ “በዘራቸው አለ” የተባሉ ቤተሰቦች ሴት ልጆቻቸውን መዳር ይቸገሩ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣና የሚድን መሆኑ ከታወቀ በኋላም ያ ጠባሳ በቀላሉ አልሻረም። እኛም ስለ ጂን በምንናገርበት ጊዜ ለዚያ አሮጌ ቃል አዲስ ልብስ እንዳናለብሰው መጠንቀቅ አለብን። የቤተሰብ ታሪክ ሌላ ዘመድ ወይም ጎረቤት በሌለበት ይጠየቅ። አስተርጓሚ ካስፈለገ የቤተሰቡ አባል ባይሆን ይመረጣል። ለዘመዶቿ የምትናገረውም ራሷ ሕመምተኛዋ ናት፤ የእኛ ድርሻ ምን ብላ እንደምትነግራቸው ማገዝ ነው።

ማጠቃለያ

የጡት ካንሰር ሁሉ የጂን በሽታ ነው፤ የጡት ካንሰር ሁሉ ግን በዘር የሚወረስ አይደለም። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ባለሙያ አብዛኞቹን ልጆች ከከንቱ ፍርሃት ያድናቸዋል፤ በእርግጥ ሥጋት ያለባቸውን ጥቂቶቹን ደግሞ ሳይዘገይ ያገኛቸዋል።

ለቡሹሎዋ እናት የሰጠኋት መልስ የሚከተለው ነበር። በአባቷ ወገን የሚወረስ ለውጥ መኖሩ ያጠራጥራል፤ ያለ ምርመራ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ቢኖርም እንኳ ልጇ የመውረስ ዕድሏ ግማሽ ነው፤ አሁን በ9 ዓመቷም ምንም ዓይነት ምርመራ አያስፈልጋትም። የ29 ዓመት እህቷ ግን አሁኑኑ መታየት አለባት፤ ወንድሟም ሴት ልጆች ስላሉት ሊያውቅ ይገባዋል። በሦስተኛው ኬሞቴራፒዋ ቀን እህቷን ይዛ መጣች። የእህቷን ጡት መርምሬ ምንም እብጠት ባላገኝም፣ በስድስት ወር ተመልሳ እንድትመጣ ቀጠሮ ሰጥቻታለሁ። በአዲሱ ካርድ ላይ “የቤተሰብ ታሪክ” በሚለው ቦታም የሦስት ሴቶች ታሪክ ከነዕድሜያቸው ሰፍሯል።